አየር ላይ የቆየች እግር

መስከረም 14

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። የሰፈሩን ጄኔሬተር የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ ናፍጣ አላገኘሁም አለ... ሁልጊዜ የሚለውን። ሻይ በጋዝ አፈላሁ። እጄ አሁንም ከመደርደሪያው ሁለት ብርጭቆ ያወርዳል። አንዱን መልሼ አስቀመጥኩት።

ጥቁሩን ቀሚስ አጠብኩ። ትከሻው ነጥቷል፤ ጥቁር ነው ለማለት ያስቸግራል። ከልም ይደክመዋል ማለት ነው? ሌላ ጥቁር መስፋት ይኖርብኛል። ወይም... አላውቅም። ዓመት አልሞላም።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ካፊያ መጣች። የወይን ጭማቂ ልታፈላ ነው፤ ትልቁን ድስት ያውሱኝ አለች። ሰጠኋት። አልሄደችም፣ ቁጭ አለች። ስለ ሮማኑ አወራች፤ ዘንድሮ ዛፉ ላይ እንዳለ እየተሰነጠቀ ነው። ስለ ጉልበቴ ጠየቀች። ስለ ልጇ ስለ ሺላን ግን ምንም አላነሳችም፤ ሺላን ከታጨች በጋው አለፈ። ድስቱን ተሸክማ ሄደች።

ድስት አላት። ከኔ የሚበልጥ።

መስከረም 15

ጉልበቴ። ሌላ የሚጻፍ የለም።

መስከረም 17

ባቄላ እየፈለፈልኩ ሳለ ከግድግዳው ወዲያ ከበሮ ተመታ። አንዴ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ደከም ብሎ... ከዚያ ፀጥ። መንገዱ ሁሉ ፀጥ አለ፤ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ሳይቀሩ። የካፊያ ባል ሸሪፍ ድምፁን አፍኖ "አብደሃል? ወዲያ ማን እንዳለች ረሳህ?" ሲል ሰማሁት።

ሐዘን ካለበት ቤት አጠገብ፣ የሐዘንተኛው ቃል ሳይጠየቅ ከበሮ አይመታም። ይህን የማያውቅ ሰው እዚህ አልተወለደም። የመታው ደግሞ የሁሉም አጎት ማም ፈታህ ነው። በዚህ ከተማ ሰርግ ሁሉ ከበሮ ሲመታ ያረጀ ሰው። ሌላው ቢረሳ እሱ ይረሳል?

ባቄላዬን ቀጠልኩ። ምን ላድርግ? እውነቱን ለመናገር፣ ጆሮዬን ያስቀየመው መመታቱ አልነበረም። ቆዳው ላልቷል።

አመሻሽ ላይ ሸሪፍ፣ ካፊያና ማም ፈታህ መጡ። ጫማቸውን ደጃፍ ላይ ሲያወልቁ እንኳ ድምፅ እንዳያሰሙ ይጠነቀቃሉ። ከአስተማሪነት ጡረታ ከወጣሁ ስንት ዘመኔ፤ ሰው ግን ማሞስታ፣ አስተማሪዬ፣ ማለቱን አልተወም፤ ፊቴ ሲቆሙ ዛሬም የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ ነው የሚሆኑት።

"ማሞስታ" አለ ሸሪፍ፤ "ጥፋት አጠፋን። ምን ብለን እንደምንገባ ጨንቆን ነበር።"

"ገብታችኋል። ተቀመጡ።"

ማም ፈታህ አልተቀመጠም። ጥምጥሙን በእጁ እየነካካ፣ "እጄ ነው ማሞስታ ናስክ፣ እኔ አይደለሁም" አለ። "ቆዳውን እሳት ዳር ሳሞቀው እጄ ራሱ መታ።"

"ያ ከበሮ ላልቷል።"

"እሱን ላውቅ እኮ ነው የመታሁት።"

"እኔ እዚህ ባቄላ እየፈለፈልኩ አወቅኩልህ።"

ካፊያ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። ሸሪፍ አፈጠጠባት።

ከዚያ የመጡበት ወጣ። የሙሽራው የሄርዲ ቤተሰቦች ላይኛው መንደር ናቸው። ጥቅምት ካለፈ በረዶ መንገዱን ይዘጋባቸዋል። ሰርጉ እዚሁ ግቢያቸው ውስጥ እንዲሆን ነው የሚፈልጉት፤ ከኔ የሚለያቸው ግን አንድ ግድግዳ ነው።

"ምቱ" አልኳቸው። "ማን ከለከላችሁ? እኔ በሬን ዘግቼ እቀመጣለሁ።"

"በር ተዘግቶማ አይሆንም" አለ ሸሪፍ።

"ለምን አይሆንም?"

የማውቀውን ነው የጠየቅኩት። ፈቅጃለሁ ማለት የአፍ ነው። የሐዘን ቤት እጁን አስገብቶ የመጀመሪያውን ጭፈራ ካልያዘ ሰው አይነሳም። እኔ ሳልገባ ቢጨፍሩ "የጎረቤታቸውን ለቅሶ ረገጡ" ይባላሉ፣ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ስም።

"ሚህረባን ከሄደች ዓመት አልሞላም" አልኩ።

"አልሞላም" አለ ማም ፈታህ። "እሷ ብትሆን ግን..."

"እሷ አይደለሁም።"

ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ። እሺም እምቢም አላልኩም። ደክሞኝ ነበር። ሰው መቀበል፣ ሰው መሸኘት፣ ብርጭቆ ማጠብ...

መስከረም 18

ከጥር ወዲህ ስሟን እዚህ ጽፌ አላውቅም ነበር። ትናንት ጻፍኩት። ጻፍኩት እንጂ ምን ተለወጠ?

ሚህረባን ታላቄ ናት። እኔን አባታችን ሱለይማኒያ ከተማ ያለ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገባኝ፣ እሷ መንደር ከአያታችን ጋር ቀረች። አገባች፣ ባሏ ሞተ፣ እኔ ጋ መጣች። እኔ አላገባሁም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ብርጭቆ ነበር።

በሰርጉ ሁሉ የሴቶቹን ጭፈራ የምትመራው እሷ ናት። በቀኝ እጇ መሐረብ፣ በግራ እጇ የኔን እጅ። ሁለተኛ የምቆመው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። መሪ ይዘላል፣ ይሽከረከራል፣ እጅ ለቆ ይሄዳል፣ ደስ ሲለው ይመለሳል። ሁለተኛው ከተወዛወዘ ግን ከኋላ ያለው መስመር በሙሉ ይበጠሳል። "ግድግዳዬ የት አለች?" ትል ነበር። "ግድግዳዬ ሳትመጣ አልነሳም።" ሙገሳ ይሁን ስድብ ጠይቄያት አላውቅም።

በአንድ ነገር ግን ሳንስማማ ሞተች። ሰርግ የሚጀምረው በገርያን ነው፣ በዝግታው። ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ መራመድ ነው፣ ሽማግሌም ይችለዋል። ግራ እግር ይነሳል፤ ከበሮው ሲመታ ይወርዳል። የእሷ አይወርድም። አየር ላይ ይቆያል... ቤት የረሳችው ነገር ትዝ እንዳላት ሁሉ። ከበሮው መትቶ ካለፈ በኋላ ታወርደዋለች። ዘግይታ። ሁልጊዜ።

አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ ጭፈራ ስንለማመድ ርዕሰ መምህርታችን ማስመሪያ ይዛ በመካከላችን ትዘዋወር ነበር። "እግር መሬት የሚነካው ከበሮው ሲመታ ነው። ቀድሞ አይደለም፣ ዘግይቶም አይደለም።" ይህን ይዤ ኖሬያለሁ። ለስንት ልጅ አስተምሬዋለሁ።

"ዘገየሽ" እላታለሁ፣ ጆሮዋ ሥር።

"ከበሮው ነው የቸኮለ" ትለኛለች። ሰው ሁሉ እያያት። አታፍርም።

ጥር ላይ ደጃፉን በረዶ ልጥረግ ብላ ወጣች። ስትቆይብኝ ወጣሁ። አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ... ዕረፍት የወሰደች ነበር የመሰለኝ። "ተነሽ፣ ይበርድሻል" አልኳት።

ለዛሬ ይበቃል።

መስከረም 19

ሐሙስ። ወደ መቃብሩ ወጣሁ። ኮረብታው በየሳምንቱ ይረዝማል ልበል? ድንጋይዋ ላይ የሰው እጅ ያስቀመጠው የሮማን ቅርንጫፍ አገኘሁ። ማን እንደሆነ አላውቅም።

ስወርድ ማም ፈታህ የመቃብሩ በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሚስቱ እዚያው ናት የተቀበረችው። አብረን ወረድን፣ ሁለት አሮጌ ፍየል እየመሰልን።

"ምን አሰብሽ?" አለኝ።

"ስለምን?"

"ስለ እጅሽ።"

"እጄ የራሴ ነው።"

"የኔስ የኔ አይደለም" አለ። "ከጥር ወዲህ እንዲያ ነው። በበጋው በታችኛው ሰፈር ሰርግ ገርያን ስመታ ያዝ አደረገኝ። ፈጣኑ ላይ ደህና ነው፤ ዝግታው ላይ ነው የሚይዘኝ።"

"አርጅተሃል። ሐኪም ዘንድ ሂድ።"

"ሄድኩ። እጅህ ደህና ነው አለኝ።"

"ታዲያ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሂድ።"

ሳቀ። ለምን እንደሳቀ አልገባኝም። እኔ ለቁም ነገር ነው ያልኩት።

መስከረም 21

ካፊያና ሺላን ጨርቅ ይዘው መጡ፤ ከል ማስወለቂያ። ከሰው የመጣ ጨርቅ አይመለስም፣ ነውር ነው። ካልተሰፋና ካልተለበሰ ግን ሐዘኑ አልወጣም ማለት ነው። ስለዚህ ተቀበልኩ። ፈታሁት።

ቢጫ። ያውም የሚያብለጨልጭ ክር ያለበት።

"ይህ ለማን ነው?"

"ለእርስዎ ነው ማሞስታ።"

"በዚህ ዕድሜዬ የሱፍ አበባ ልሁን?"

"እኔ ሰማያዊ ብዬ ነበር" አለች ካፊያ ፈጥና። "እሷን ይጠይቋት።"

ሺላን ቀላች። የመጨረሻ ተማሪዎቼ ከነበሩት አንዷ ናት፤ ማባዛት ያስለቀሳት። "እትዬ ሚህረባን ናት የመረጠችው" አለች። "አምና፣ ገበያ ውስጥ። ከዚሁ ጨርቅ ፊት ቆማ... እህቴ ቢጫ ብትለብስ ሰው ትመስላለች አለች።"

"ሰው ትመስላለች?"

"እንዲያ ነው ያለችው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

እሷ ናት። ይህን ፈጥሮ ፊቴ ላይ ሊናገር የሚደፍር ሰው በከተማው የለም።

ካፊያ ሻዩን ላምጣ ብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ ሆን ብላ ይመስለኛል። ሺላን ጠጋ አለችኝ። አባቷ እስከ አርብ ቃሌን ካላወቀ ሱለይማኒያ አዳራሽ ሊከራይ ነው።

"አዳራሽ ውስጥ ከበሮ አያስገቡም ማሞስታ። ኪቦርድ ነው። ሁሉም ጭፈራ ፈጣን፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ገርያን የለም። የሄርዲ አያቶች እዚያ ድረስ አይወርዱም። እኔ... እኔ እዚህ ነው ማግባት የምፈልገው። ከዚህ ግቢ ነው መውጣት የምፈልገው።"

"አባትሽን ንገሪው።"

"አባቴ ምን ያድርግ? እጁ ያለው እርስዎ ጋ ነው።" ቀጥላም፣ "መሐረቡንም እርስዎ ይይዙልኛል" አለች።

"መሪ አይደለሁም።"

"እርስዎ እኮ ሁሉንም ያውቃሉ።"

"ማወቅና መምራት አንድ አይደለም። ሚህረባን ምንም አታውቅም ነበር።"

ልትስቅ ጀምራ ዓይኗ ውሃ ሞላ። አሁን ለዚህ ምን ይባላል? ወይ ሳቂ ወይ አልቅሺ። ስኳሩን አቀረብኩላት።

ጨርቁን መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። በሩን ስከፍት ያበራል። ስዘጋም በስንጥቁ ይታያል።

መስከረም 22

እንቅልፍ የለም። በአዳራሽ ቢሆን ምን ይጎድላል? ወንበር አለ፣ ማሞቂያ አለ። ሰው ይበላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል። እኔም ቤቴ ቁጭ እላለሁ። ማንም እጅሽን ስጪ አይለኝም።

የሚያሳርፍ ሐሳብ ነው። ለምን አላሳረፈኝም?

መስከረም 24

ጣሪያ ላይ ያሰጣሁትን ወይን ላገላብጥ ወጣሁ። ደረጃውን በግራ እግሬ፣ አንድ በአንድ። ላይ ስደርስ ወገቤን ይዤ ቆምኩ። ከታች የካፊያ ግቢ ይታያል።

ሺላንና ጓደኞቿ ነበሩ። እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ገርያን ይሄዳሉ... ያለ ምንም ድምፅ። ከበሮ የለም፣ ጭብጨባ የለም፣ ስልክ እንኳ አልከፈቱም። ጫማቸውን አውልቀዋል፣ ሲሚንቶው እንዳይሰማ። አንዷ ስትስት ይሳሳቃሉ፣ ግን አፋቸውን ዘግተው፣ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ከኔ የተነሳ ነው። ግድግዳው ወዲያ እኔ ስላለሁ።

ብዙ ጭፈራ አይቻለሁ። ዲዳ ጭፈራ ግን ዛሬ ነው ያየሁት። ቁጭ ልል ነበር፤ ከዚያ እግራቸውን አየሁ።

ግራ እግር ተነሳ። ቆየ። የሁሉም። ከዳር እስከ ዳር አየር ላይ ተንጠለጠለ፣ ሽመላ ይመስል። ከዚያ ወረደ።

"እግር!" አልኩ፣ ሳላስበው። የክፍል ውስጥ ድምፄ ወጣ።

ሁሉም በያሉበት ደረቁ። ቀና አሉ።

"ማሞስታ... ረበሽንዎት?" አለች ሺላን።

"እግራችሁን አየር ላይ አንጠልጥሉ ያላችሁ ማነው?"

ተያዩ። "እንዲያ አይደለም እንዴ የሚኬደው?"

"አይደለም።"

"ታዲያ መቼ ነው የሚወርደው?"

"ከበሮው ሲመታ ነዋ።"

"ከበሮ የለማ ማሞስታ" አለች አንዷ ከጫፍ።

ያፈኑት ሳቅ አመለጣቸው። ካፊያ ከጓዳ ማንኪያ ይዛ ወጥታ "እናንተ ልጆች፣ አታፍሩም?" አለች፤ እሷም እየሳቀች።

ወይኑን አገላበጥኩ። ማን አስተማራችሁ ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም። እነዚህ ልጆች መሄድ ሲጀምሩ ጀምሮ በየሰርጉ ፊት ለፊታቸው ማን ነበር የምትሄደው? ስንት ዘመን አረምኩ፣ ስንት ክፍል ቆሜ ቆጠርኩ... እሷ አንድ ቀን እንኳ ሳታስተምር።

መስከረም 25

ጨርቁን ቆረጥኩት።

ልብስ ሰፊ አያስፈልገኝም። ክሩ ግን የማይረባ ነው፣ ይበጠሳል። መብራት ሁለቴ ሄደ። መስኮት ዳር ተጠግቼ በእጄ ጨረስኩ። ስፌቱ ቀጥ ብሏል፤ ሌላው እንጃ።

አመሻሽ ላይ ግድግዳውን በዱላዬ ነካ ነካ አደረግኩ። ካፊያ መጣች።

"ለሸሪፍ ንገሪው። አዳራሹን ይተወው።"

እጄን ይዛ ልትስም ስትጎነበስ፣ "መሐረቡን ግን አልይዝም" አልኳት። "ለኔ የሚገባኝ ቦታዬ ነው። ሌላ መሪ ፈልጉ።"

"ማን አለ ማሞስታ?"

"የሙሽራዋ እናት የለችም እንዴ?"

"እኔ?" አለች። "እኔን ሰው ካየኝ እግሬ ይተሳሰራል።"

"እኔ ሁለተኛ እቆማለሁ። አትወድቂም።"

ጥቅምት 1

ለምን እሺ አልኩ? ጉልበቴ አብጧል። ቢጫው ቀሚስ በር ላይ ተሰቅሎ ያየኛል። ሰው አልመስልም፤ ቋሚ መብራት ነው የምመስለው።

ጥቅምት 4

ዛሬ ነው። ጥቁሩን አወለቅኩ። ብርድ ብርድ አለኝ። አጣጥፌ አልጋው ላይ አስቀመጥኩት... የሰው ትከሻ ቅርፅ ይዞ ቀርቷል። ሲመሽ እጽፋለሁ።

ጥቅምት 5

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ ሳይቀዘቅዝ ልጻፈው።

ግቢው ሞልቶ ነበር። ላይኛው መንደር ያለ ሽማግሌ ሁሉ ወርዷል። ሩዝና ሥጋ በየትሪው፣ አሬራ በባልዲ። ስገባ ሰው ሁሉ ዞረ። ቢጫውን ነው የሚያዩት። አንዲት አሮጊት "ማሞስታ ናት?" አለች፤ "አይደለችም፣ እህቷ ናት" አለቻት ሌላዋ፣ ደንገርገር ብሏት፤ ያለችውን ስታውቅ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ እንዳልሰማ ሆንኩ።

ሺላን በቀይ ልብሷ ወንበር ላይ ሆና አየችኝ። ፈገግታዋን ዋጠች። ጎበዝ።

ማም ፈታህ ከበሮውን አንግቶ መሐል ቆሟል፣ ዙርና የሚነፋው አማቹ ከጎኑ። ቆዳው ተወጥሯል፤ ከሩቅ ያስታውቃል። ራሱን ዝቅ አደረገልኝ። ካፊያ መሐረቡን ይዛ፣ ላብ በላብ ሆና ትጠብቀኛለች።

"እጅዎን" አለችኝ።

እጄን ሰጠኋት። በግራዬ ከኋላዬ ያለችውን ያዝኩ። እሷም ቀጣዩን፣ ቀጣዩም ቀጣዩን። ከጥር ወዲህ የሰው መዳፍ እንዲህ ይዤ አላውቅም ነበር። ሞቃት ነው... ረስቼው ነበር ማለት ነው?

ዙርናው ጀመረ። ገርያን። ካፊያ ትንቀጠቀጣለች፣ እኔ እይዛታለሁ። ተራመድን። ጉልበቴ ጮኸ፣ ዝም በል አልኩት። ትከሻዬ ሥራውን ያውቃል።

ግራ እግር ተነሳ። በልቤ ቆጠርኩ። አወረድኩ።

ብቻዬን።

የኔ ጫማ ብቻ መሬት ሲነካ ተሰማ። ጧ። የሌላው ሁሉ እግር አየር ላይ ነው፤ የካፊያም፣ ከኋላዬ ያሉትም፣ ወንዶቹም፣ ከላይኛው መንደር የመጡትም። ዘግይተዋል ልል ወደ ማም ፈታህ ዞርኩ።

የሚመታበት እጁ ከፍ ብሎ ቆሟል። አልመታም። ዓይኑን ጨፍኗል። ከጥር ወዲህ ያዝ አደረገኝ ያለኝ ይህን ነው። ሐኪም ዘንድ ሂድ ያልኩት።

ከዚያ መታ። ሁሉም እግር አንድ ላይ ወረደ።

እግር መሬት የሚነካው ከበሮው ሲመታ ነው። ቀድሞ አይደለም። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ቀድሞ የነካ አንድ እግር ነበር፤ የኔ።

ሺላን ከወንበሯ አየችኝ። ማስመሪያ ቢኖራት ኖሮ...

በሁለተኛው ዙር ግራ እግሬን አነሳሁ። ቆጠራው ሲያልቅ ልቤ "አውርጂ" አለኝ። አላወረድኩም። ቆየሁ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣ ሚዛኔ ሊጠፋ፣ ካፊያ እኔን ያዘችኝ፣ እኔ እሷን። ዙርናው በአንድ ትንፋሽ ይሄዳል። ግቢው ሁሉ በአንድ እግሩ ቆሟል። ለምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ እዚያ ላይ አይቆጠርም። በቀኜ፣ መሐረቡ ባለበት በኩል፣ ልዞር ፈለግኩ። አልዞርኩም። ግድግዳ አይዞርም።

ከበሮው መታ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ደህና አላስታውስም። ፈጣኑ ሲጀምር ወጣሁ፣ ወንበር አመጡልኝ። ማም ፈታህ ውሃ ሊጠጣ በአጠገቤ ሲያልፍ፣ "እጅህ ደህና ነው" አልኩት።

"ሐኪሙም እንዲያ ብሎኝ ነበር" አለ።

ሺላን ስትወጣ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ፣ የዓይኗ ኩል ቢጫው ላይ ቀረ። አይለቅም። ኩል በዚህ ጨርቅ ላይ አይለቅም።

ዘገየሽ እላት ነበር። አሁንም መዘግየት ነው፤ ማስመሪያ ላለው ሰው መዘግየት ነው። ግን ከተማው ሁሉ አብሮ ከዘገየ ማንን ላርም?

ጥቅምት 7

መብራት የለም። ጉልበቴ እንደ ዳቦ ኩፍ ብሏል፣ ጨው ባለው ሙቅ ውሃ ነከርኩት። ላይኛው መንደር ትናንት የመጀመሪያው በረዶ ጣለ አሉ። ሙሽሮቹ ቀድመውት ደርሰዋል።

ጥቁሩን ሳጥን ውስጥ ከተትኩ። ቢጫውን አጥቤ አሰጣሁት። ኩሉ አልለቀቀም፣ እንዳልኩት።

ካፊያ ድስቱን መለሰች። ቁጭ አለች። ቤቱ ጭር ብሎባታል፣ ዓይኗ በር በር ያያል። ሁለት ብርጭቆ አወረድኩ። ሻዩን ጠጣን፣ ስለ ሮማኑ አወራን። ነገም ትመጣለች።

ስትሄድ ድስቱን አገላብጬ አየሁት። ቂጡ ላይ ጥቀርሻ ትታለች፤ አጥቤዋለሁ ብላ። ድሮ ቢሆን ከደጃፍ እጠራት ነበር። መደርደሪያው ላይ እንዳለ ላስቀምጠው ተነሳሁ።

የጓዳው ደፍ ላይ ግራ እግሬን አንስቼ ቆም አልኩ። ድስቱን እንደያዝኩ። ትንሽ ቆየሁ።

ጉልበቴ ነው... ይመስለኛል።